ነገሩ የማን ሥልጣን ነው? ከጠበቃ ጠረጴዛ እስከ አፈ ጉባኤ ወንበር

የጠበቃ ሥራ መናገር ነው። አንድ ወገን ይይዛል፣ ለዚያ ወገን ይሟገታል፣ ቢረታም ቢረታበትም የጥብቅና ክፍያውን ይቀበላል። አፈ ጉባኤ ደግሞ ሌሎች ሲናገሩ ዝም ብሎ እንዲሰማ የተቀመጠ ሰው ነው። ታዲያ በየአገሩ የምክር ቤት አፈ ጉባኤዎችን ስትቆጥሩ ጠበቃ ላይ ጠበቃ የሚገጥማችሁ ለምንድን ነው?

ቀልዴን አይደለም፣ ቁጠሩ። ጎረቤታችን ኬንያ ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ የብሔራዊ ሸንጎውን መዶሻ የያዙት ሦስት ሰዎች ኬኔት ማሬንዴ፣ ጀስቲን ሙቱሪና ሞሰስ ዌታንጉላ ናቸው። ማሬንዴና ዌታንጉላ ጠበቆች፣ ሙቱሪ ደግሞ በወጣትነታቸው በዳኝነት ያገለገሉ የሕግ ሰው። ኡጋንዳን እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 በአፈ ጉባኤነት የመሩት ርብቃ ካዳጋ ጠበቃ ናቸው። ወደ እኛ ስትመጡ ደግሞ የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያው አፈ ጉባኤ አቶ ዳዊት ዮሐንስ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት የምርጫ ዘመን ሙሉ፣ አሥር ዓመት፣ በዚያ ወንበር ተቀምጠዋል።

የእኔ ጉጉት ግን ከዚህ አለፍ ይላል፤ የድሬ ልጅ ነኝና። ዛሬ «የድሬዳዋ አስተዳደር» ስንል በሕግ የቆመ አካል ማለታችን ከሆነ የቆመው በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው፣ ቻርተሩ በምንለው። ያን አዋጅ ያወጣው አቶ ዳዊት የሚመሩት ምክር ቤት ነበር። ፊርማው ደግሞ የፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። እዚህ ላይ አቦ፣ የታሪክን ቀልድ ተመልከቱ፦ አቶ ግርማ ራሳቸው በ1953 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆነው ተመርጠው የንጉሠ ነገሥቱን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት መርተው ያውቃሉ። ስለዚህ ቻርተራችን ከአንዱ የምክር ቤት መሪ እጅ ወጥቶ ከአርባ ዓመት በፊት ተመሳሳይ ወንበር ላይ ወደተቀመጠ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። አቶ ግርማ ጠበቃ አልነበሩም፤ ወንበሩ የሕግ ዲግሪ አይጠይቅም። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ «ግዴታ ነው እንዴ?» እንዳትሉኝ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ጠበቃ ለዚያ ወንበር የሚስማማው ምን ስለያዘ ነው? አብዛኛው ሰው «አንደበቱ ስለሚፈታለት» ይላል። እኔ ግን መልሱ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጥብቅና የቆመ ሰው ደግሞ ከማንም ቶሎ ይገባዋል።

እስቲ አንድ ባለጉዳይ የድሬ ጠበቃ ቢሮ ገባ እንበል። ጠበቃው «እውነቱ ያንተ ነው ወይስ የሱ?» ብሎ አይጀምርም። «ነገሩ የተፈጠረው የት ነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ምክንያቱም እኛ ጋ ፍርድ ቤት አንድ አይደለም። የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አለ፤ ትንንሹን የገንዘብ ነገር ያያል። በቻርተሩ የተቋቋመ የከተማው ፍርድ ቤት አለ፣ የከተማ ነክ ጉዳዮች የሚታዩበት። የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አለ፤ በ1988 ዓ.ም. የፌደራል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 25 ሲቋቋሙ ለዚህ ፍርድ ቤት መቀመጫነት በስም የተጠሩት ሁለት ከተሞች አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነበሩ። ተከራካሪዎቹ ወደውና ፈቅደው ከቀረቡ የጋብቻና የውርስ ጉዳይ የሚያይ የፌደራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። ይህ ሁሉ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ወደ ሐረር አቅንታችሁ የደንገጎን ዳገት ጨርሳችሁ ወረድ ካላችሁ ደግሞ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው፤ በሌላው በኩል ወደ ሽኒሌ ከወጣችሁ የሶማሌ ክልል ፍርድ ቤት። ድሬ ከዚራ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሽኒሌ ግመል ሸጦ ሐረማያ ገንዘቡን ቢካድ ጠበቃው እንቅልፍ የሚያጣው በግመሉ ዋጋ አይደለም፤ ክሱን ይዞ የትኛው በር እንደሚገባ ነው።

የሕግ ሰዎች ይህን «የዳኝነት ሥልጣን» ይሉታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎችን ሲዘረዝር ከሁሉ አስቀድሞ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፦ ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም የሚለውን። ልብ በሉ፣ ማን በደለ ማን ተበደለ የሚለው ገና አልተነሣም። ተከሳሹ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን በተሳሳተ ችሎት ከተከሰሰ ጠበቃው አንዲት ገጽ ጽፎ መዝገቡን ያዘጋዋል። ባለጉዳይ ይህን ሲያይ ይናደዳል። «የኔ እውነት የት ሄደ?» ይላል። ጠበቃው ግን ከእውነቱ በፊት መንገዱ መጠየቅ እንዳለበት ለምዶታል።

አፈ ጉባኤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ይህ ጉዳይ በምክር ቤቱ ሥልጣን ሥር ነው? አጀንዳ ሆኖ ተይዟል? የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ይየው? ምልዐተ ጉባኤ አለ? አባሉ ያነሡት የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነው ወይስ በዚያ ስም የገባ ንግግር? ሐሳቡ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን አባላቱ በድምፃቸው ይወስናሉ። ለአፈ ጉባኤው የቀረው ተራ ማስከበር ነው፤ የሰቢያን ታክሲ ተራ አስከባሪ ማንን የት እንደሚያደርስ አይወስንም፣ ግን እሱ ሳይጠቁም ማንም አይንቀሳቀስም።

በነገራችን ላይ ድሬ ውስጥ አንቱታ ብርቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የስድሳ ዓመት ሽማግሌን «አንተ» ብለን ስንጠራ የሸዋ እንግዳ ይደነግጣል። ምክር ቤት ግባና እይ። ማንኛውም አባል አፉን የሚከፍተው «ክቡር አፈ ጉባኤ» ወይም «ክብርት አፈ ጉባኤ» ብሎ ነው፣ የሚሰድበው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እያለ። ይህ የወግ ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ቃላቸውን ለሦስተኛ ሰው እንዲናገሩ ስታደርግ ግማሹ ቁጣ በመንገድ ላይ ይበርዳል። ፍርድ ቤትም ያው ነው፤ ጠበቃ ለተቃራኒው ጠበቃ አይናገርም፣ ለችሎቱ ነው የሚናገረው። ስለዚህ የሕግ ሰው ወደ ምክር ቤት ሲመጣ አንደበቱ ለዚህ ወግ ተገርቶ ነው የሚመጣው።

ወደ አቶ ዳዊት እንመለስ። የሽግግር መንግሥቱ ዘመን የሕግ ሰው የሚፈለግበት ዘመን ነበር፤ አሮጌው ሕገ መንግሥት ፈርሷል፣ አዲሱ አልተጻፈም። አቶ ዳዊት በዚያ ጊዜ በፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪነት ሠርተዋል። ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅና ክርክር ሲካሄድበትም በቅርብ ከነበሩት አንዱ ነበሩ። ነሐሴ 1987 አዲሱ ምክር ቤት ሲከፈት አፈ ጉባኤ ሆኑ። የኢሕአዴግ ሰው ነበሩ፤ በእኛ አገር አፈ ጉባኤ ከአሸናፊው ፓርቲ ነው የሚመጣው፣ ተመርጦ ከፓርቲው የመውጣት ልማድ የለንም። ከወንበሩ ሲወርዱ ደግሞ ኒው ዮርክ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ ሆኑ።

አሁን በእሳቸው ዘመን ድሬ ላይ የሆነውን ላስረዳችሁ፤ እኔ ደጋግሜ የማነሣው ይህንን ነው። ሕገ መንግሥቱን ክፈቱ። አንቀጽ 47 ክልሎቹን በስም ይዘረዝራል፤ ያኔ ዘጠኝ ነበሩ፣ ዛሬ አሥራ ሁለት ደርሰዋል። አንቀጽ 49 አዲስ አበባን ይጠራና ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላት ይደነግጋል። ድሬዳዋን ፈልጓት። በአንዱም የለችም። ደርግ በመጨረሻ ዘመኑ፣ በኢ.ሕ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት ማግሥት፣ ከራስ ገዞቹ አንዷ አድርጓት ነበር፤ ያ ከሥርዓቱ ጋር ሄደ። ከ1983 በኋላ ኦሮሚያም ሶማሌም «የኔ ናት» አሉ። ስምምነት ስለጠፋ ከተማዋ በፌደራል መንግሥቱ ሥር ተቀመጠች፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ቻርተር አወጣላት።

የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚጨቃጨቁት እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በስሟ ያልጠራትን ከተማ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ማቋቋም ይችላል? አንዱ ወገን «የፌደራል መንግሥት የተሰጠውን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ይህ አልተሰጠውም» ይላል። ሌላው «ሁለት ክልሎች የተከራከሩባት ከተማ ያለ አስተዳዳሪ አትቀመጥም፤ ፌደራሉ ባይገባ ማን ይገባ ነበር?» ይላል። አያችሁ? ክርክሩ የድሬ ሕዝብ ጥሩ አስተዳደር ይገባዋል ወይ የሚል አይደለም። ሥልጣኑ የማን ነው የሚል ነው፤ ጠበቃው ከግመሉ ዋጋ በፊት የጠየቀው ጥያቄ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፣ ምክንያቴ ግን የሕግ ሳይሆን የመንደርተኛ ነው፤ ቻርተሩ ሲወጣ ከተማው ውስጥ እንደሚኖር ሰው ነው የማየው። የመጀመሪያው ወገን ግን ሞኝ አይደለም።

ቻርተሩ ምን ሰጠን? የራሷ ምክር ቤት ያላት፣ ከንቲባዋ ከምክር ቤቱ የሚመረጥ፣ የራሷ ፍርድ ቤትና ዋና ኦዲተር ያላት አስተዳደር። ምክር ቤቱ 189 ወንበር አለው፤ አፈ ጉባኤና ምክትል አፈ ጉባኤ ከአባላቱ መካከል ይመርጣል። በአዋጁ ያልተጻፈ ግን ለረጅም ጊዜ በተግባር የኖረ ሌላ ነገርም ነበር፦ 40-40-20 የሚባለው ቀመር። ለኦሮሞ አርባ፣ ለሶማሌ አርባ፣ ለሌላው ሁሉ ሃያ። የከንቲባነቱም ወንበር በሁለቱ ትላልቅ ወገኖች መካከል በዙር ይዞር ነበር። ስንቱ ጎረምሳ ሥራ ሲያጣ ይህን ቀመር እንደረገመ ድሬ ያደገ ያውቃል። የሕግ ሰው የሚገርመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከተማዋን ከቀን ቀን የመራው ደንብ በየትኛውም ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አልወጣም። ያልተጻፈ ሕግ ከተጻፈው ይልቅ ሲጠና ጠበቃ ሥራ ያጣል፤ መቃወሚያ የሚያቀርብበት አንቀጽ የለማ።

እስከ አሁን የሥነ ሥርዓትን መልካም ፊት ብቻ አሳየኋችሁ። ሌላም ፊት አለው፤ ምሳሌውም ከዚሁ ምክር ቤት ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ ወንበር አገኙ። ያ በአገሪቱ ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር ነበር። አዲሶቹ ተመራጮች ገብተው ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ፣ ዘመኑን የሚጨርሰው ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን አሻሻለ። ቀድሞ 20 አባላት ተስማምተው አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ 51 በመቶ ያስፈልጋል ተባለ። እርሳስ አውጡና አስሉት። ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው፤ 51 በመቶው 279 ገደማ ነው። 170ዎቹ ሁሉ እጃቸውን ቢያወጡ አንዲት ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ ማድረስ አይችሉም። ማንም የመናገር መብታቸውን አልነጠቀም፤ ድምፅ የመስጠት መብታቸውን የነካም የለም። የተለወጠው ነገሩ የሚገባበት በር ነው። የድሬው ጠበቃ በሩን ሲዘጋ አንድ መዝገብ ነው የሚዘጋው፤ እዚህ ግን የአምስት ዓመት ክርክር ነው። ውሎ አድሮ ደንቡ እንደገና ታየ፣ ግን ያኔ ብዙ ነገር አልፎ ነበር።

ለዚህ ነው «ጠበቃ አፈ ጉባኤ ሲሆን ጥሩ ነው» ብዬ በደፈናው የማልነግራችሁ። በሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው መክፈትም መዝጋትም ያውቃል።

የከፈቱም አሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ኬንያ በምርጫ ሁከት እየነደደች ኬኔት ማሬንዴ 105 ለ101 በሆነ ድምፅ ተመረጡ፤ በአራት ድምፅ ብልጫ። የተቃዋሚው የራይላ ኦዲንጋ ወገን ሰው ነበሩ። በዓመቱ ጥምር መንግሥት ተፈጥሮ ሳለ፣ በሚያዝያ 2009፣ ሁለት ደብዳቤ እጃቸው ገባ። ፕሬዚዳንት ኪባኪ በምክር ቤቱ የመንግሥት ሥራ መሪ የሚሆነው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው አሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦዲንጋ እኔ ነኝ አሉ። ወገናቸው ኦዲንጋ ናቸው፤ አገሪቱ ደግሞ ገና ከቁስሏ አላገገመችም። ማሬንዴ ምን አደረጉ? ለአንዱም አልፈረዱም። ሁለቱ የመንግሥት ባለቤቶች ተስማምተው አንድ ስም እስኪያመጡ ድረስ የምክር ቤቱን የሥራ ቅደም ተከተል የሚያወጣውን ኮሚቴ እኔ እመራለሁ ብለው ወሰኑ። ምክር ቤቱ ሥራውን ቀጠለ። ጥሩ ዳኛ ማስረጃ ያልተሟላለትን ጉዳይ እንደሚያደርገው፣ ቀጠሮ ሰጡ በሉት።

የህንዱ ሶምናት ቻተርጂ ታሪክ ከዚህም ይከብዳል። ለንደን ተምረው የመጡ፣ በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቆሙ ጠበቃ፤ የኮሚኒስት ፓርቲ ሰው፣ አሥር ጊዜ ፓርላማ የተመረጡ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ያሸነፈቻቸውም ማንም የማያውቃት ወጣት ነበረች፤ ማማታ ባነርጂ ትባላለች፣ ኋላ የምዕራብ ቤንጋል ዋና ሚኒስትር የሆነችው። በ2004 ቻተርጂ ያለ ተፎካካሪ አፈ ጉባኤ ሆኑ። በሐምሌ 2008 ፓርቲያቸው ከአሜሪካ ጋር በተደረገው የኒውክሌር ስምምነት ምክንያት ከመንግሥቱ ድጋፉን አነሣና «ወንበሩን ልቀቅ፣ ከእኛ ጋር ድምፅ ስጥ» አላቸው። እምቢ አሉ። አፈ ጉባኤ የፓርቲ አይደለም አሉ። የመተማመኛ ድምፁን ራሳቸው መሩ፤ መንግሥቱ 275 ለ256 ተረፈ። በማግሥቱ ፓርቲያቸው አባረራቸው። ዕድሜ ልካቸውን የቆሙለት ፓርቲ ነው እንግዲህ። ጠበቃ ደንበኛውን አይክድም ይባላል፤ ቻተርጂ ወንበሩ ላይ ሲወጡ ደንበኛቸው ማን እንደሆነ ተለወጠባቸው፣ እሳቸውም አዲሱን ደንበኛ አልካዱም። እኛ አገር ይህ አልተሞከረም።

አንድ በጣም የቆየ ደግሞ ልጨምር፤ እሱን ካልነገርኳችሁ አይወጣልኝም። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1642 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ወታደር አስከትለው ፓርላማ ገቡ፤ አምስት አባላትን ለማሰር። አምስቱ ቀድመው አምልጠዋል። ንጉሡ አፈ ጉባኤውን የት አሉ ብለው ጠየቁ። አፈ ጉባኤው ዊሊያም ሌንታል ይባላሉ፣ ጠበቃ ናቸው፣ ደፋር ተብለውም አይታወቁም። ተንበርክከው፣ በዚህ ቦታ ላይ እኔ ምክር ቤቱ ካላዘዘኝ የማይበት ዓይንም የምናገርበት ምላስም የለኝም የሚል መልስ ሰጡ። ተንበርክከው መሆኑን አትርሱ። ንጉሡን አልሰደቡም፣ አምስቱንም «ንጹሕ ናቸው» አላሉም። ሥልጣኑ የእኔ አይደለም፣ የምክር ቤቱ ነው አሉ፤ ያው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ! ንጉሡ ባዶ እጃቸውን ወጡ። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ የተቀመጠው ያለመከሰስ መብት፣ አባል በሰጠው አስተያየት አይከሰስም፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም የሚለው፣ ሥሩ ከእንደዚህ ዓይነት ቀናት ይመዘዛል።

ከእኛው ልጆች መካከል ይህን መንገድ ባሕር ማዶ የሄደችም አለች። ፕኒና ታማኖ ሻታ ጎንደር አካባቢ ተወልዳ በሦስት ዓመቷ በሱዳን በኩል፣ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን በተጓጓዙበት በሙሴ ዘመቻ ጊዜ፣ እስራኤል ገባች። ሕግ አጠናች፣ በቴሌቪዥን ጋዜጠኛነት ሠራች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት የገባች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ የተወለደች ሴት ሆነች፣ በምክትል አፈ ጉባኤነትም አገለገለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ እዚያው ክኔሴት ግቢ ውስጥ ደም ልትለግስ ሄዳ፣ ኢትዮጵያ በመወለዷ በመመሪያው መሠረት አንቀበልም ተባለች። መመሪያውን የምታነብ የሕግ ሰው ናትና ጩኸቷ የመመሪያውን ሕጋዊነት ይዞ ነበር። በ2020 ሚኒስትር ሆነች።

«እሺ፣ የእኛ ሰፈር ልጅ ቢፈልግስ?» ላላችሁ፣ መንገዱ ይህን ይመስላል። ሕግ መማር የሚፈልግ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለለት፤ ሐረማያም ቅርብ ነው። የመውጫ ፈተናውን ካለፈ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ነገረ ፈጅ ወይም ጠበቃ መሆን ይችላል፤ ጥብቅናው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው የሚመራው፣ ከዚያ ወዲህ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት ማቋቋም ተፈቅዶላቸዋል። እዚህ ላይ መንገዱ ይለያያል። የምርጫ ሕጉ ዳኛ ለምርጫ መወዳደር ከፈለገ ዳኝነቱን እንዲለቅ ያስገድዳል፤ ጠበቃ ግን ቢሮውን ለባልደረባው አደራ ሰጥቶ ቢሸነፍ ተመልሶ መግባት ይችላል። በየአገሩ ፓርላማ ውስጥ ጠበቃ የሚበዛው ግማሹ ምሥጢር ይህ ነው፤ መሸነፍ አያከስረውም። ዕድሜው 21 የሞላ ሰው መወዳደር ይችላል። ከድሬ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጡት ሁለት ናቸው፤ ለከተማው ምክር ቤት ግን 189። ከሁለቱ አንዱ ከመሆን ከ189ኙ አንዱ መሆን ይቀላል፤ አፈ ጉባኤነቱንም የሚሰጡት እዚያው ያሉት አባላት ናቸው። ሁሉም ግን በፓርቲው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ይህን ደብቄ ብነግራችሁ መዋሸት ይሆናል።

እስቲ ደግሞ ቻርተሩ ነገ እንዲሻሻል ረቂቅ ቀረበ እንበል፤ ይህን የሚከለክል ነገር የለምና። ረቂቁ አዲስ አበባ ላይ ይነበባል፣ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ተመልሶ ለድምፅ ይቀርባል። ምልዐተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ነው፤ ከ547ቱ 274 ሰው ይበቃል። ውሳኔው ከተገኙት በአብላጫው ድምፅ ነው፤ 274ቱ ሁሉ ድምፅ ከሰጡ 138 እጅ ይበቃል። ከነዚያ እጆች የድሬ ሁለት ናቸው። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማም ሥራ ላይ ይውላል። በሌላ አነጋገር፣ ሁለቱ ተወካዮቻችን ጉዳዩን ማዘግየት ከፈለጉ ቁጥር አያድናቸውም፤ የሚቀራቸው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንሥተው አፈ ጉባኤው እንዲሰማቸው ማድረግ ነው። የአፈ ጉባኤው ጆሮ ለእኛ ከማንም በላይ የሚቆጠረው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በር የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ነው። አሥራ አንድ አባላት አሉት፦ የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት ደግሞ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት መካከል። ጉባኤው መርምሮ ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። የዚያ ምክር ቤት ወንበር የብሔር ብሔረሰቦች ነው፣ አባላቱን የሚመርጡትም የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ድሬዳዋ ክልል አይደለችም። ኦሮሞው የድሬ ልጅ በኦሮሞነቱ፣ ሶማሌው በሶማሌነቱ፣ አማራውም ሐረሪውም ጉራጌውም በየብሔሩ በኩል እዚያ ሰው አለው፤ ከተማዋ ግን በከተማነቷ የምታስቀምጠው ሰው የላትም። ስለ ሕልውናዋ የሚከራከር ጉዳይ እዚያ ቢደርስ በስሟ የሚገባው ሰነድ ጠበቃ የጻፈው ማመልከቻ ብቻ ነው።